የቀበሪቾ መደብ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ረቂቅ ላይ

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማኅበሩ ጓሮ አንድ የቀበሪቾ መደብ እንጠይቅ ባልነው መሠረት ረቂቁን ለቅቄያለሁ። ያልጣማችሁን እዚሁ ጻፉ።

ጡረተኛው መምህር፦ እጅሽ ይባረክ ልጄ። ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ጭሱ ነው የጻፍሽው። ጭሱንማ ማን ያጣዋል? አራስ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ራሴ አበባውን ያየሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ጸሐፊዋ፦ እሺ ጋሼ፣ ምን ይግባ?

ጡረተኛው መምህር፦ ከአበባው ጀምሪ። ድቡልቡል ነው፣ ዙሪያውን እሾህ። ኤኪኖፕስ የሚለው የወገኑ ስም ከግሪክ የመጣ ነው፤ ጃርት መሳይ እንደ ማለት። ከኑግና ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የኑግን አበባ ብታዪ፣ ብዙ ጥቃቅን አበቦች በአንድ ሽፋን ታቅፈው ነው የተቀመጡት። የቀበሪቾ ግን እያንዳንዷ የራሷ ሽፋን አላት። ከድቡልቡሉ አንዷን በወረንጦ ብትስቢ ከነልብሷ ትመጣለች። የሚፈኩትም ከላይ ጀምረው ወደ ታች ነው።

አንድ አባል፦ ይሄ ኮሸሽሌ አይደለም እንዴ? እኛ ሰፈር ሞልቷል።

ጡረተኛው መምህር፦ ዘመዱ ነው። ኮሸሽሌ የምንለው ብዙ ዓይነት ነው። ቀበሪቾ ግን ከኢትዮጵያ ውጭ አይበቅልም። ሳይንሳዊ ስሙም ላይ ያው «ቀበሪቾ» ተብሎ ነው የገባው። ስሙን ያወጡለት የእጽዋት ተመራማሪው መስፍን ታደሰ ናቸው።

የችግኝ ጣቢያው ልጅ፦ ጋሼ፣ ሥሩንም ጨምሩበት እንጂ! ከላይ ያለው ቢደርቅም ከርሞ ከዚያው ወፍራም ሥር ያቆጠቁጣል። ለገበያ የሚቆፈረውም እሱው ነው። ጤና አዳም ቢሆን ቀንጥበህ ትተወዋለህ። ይሄ ግን ሥሩ ወጣ ማለት አለቀ ማለት ነው።

አንድ አባል፦ ታዲያ ከገበያ ገዝተን ብንተክለውስ?

የችግኝ ጣቢያው ልጅ፦ ሞክሬዋለሁ። ደርቆ ነው የሚመጣው፣ ማገዶ በለው። ከዱር ነቅለንም አናምጣ። «ከዘር ብቻ» የሚል ይጻፍልኝ። ጓንትም በጀት ውስጥ ይግባ፤ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ጫፍ ጫፉ ሁሉ ይዋጋል።

ጸሐፊዋ፦ አበባው ተቀደመ፣ ዘርና ጓንት ገቡ፣ ጭሱ አንድ አንቀጽ ሆነ። ሰሌዳው ላይስ? «መንካት ክልክል ነው» ልበል?

ጡረተኛው መምህር፦ ተይው፣ እሱን ራሱ ይነግራቸዋል።