ቪትዜ ከክሪክ ላይ ወደቀች፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

የሸኖ መንገደኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ሸኖን እንዳለፍኩ የፊት ቀኝ ጎማዬ ፈነዳ። መኪናዬ ማንዋል ቪትዝ ናት። ጥግ ይዤ ቆምኩ፤ ቦታው ትንሽ ቁልቁል ነበር። የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ጎማውን ፈትቼ ስኮርታውን ላመጣ ዞር ስል መኪናዋ ወደ ፊት ተንሸራተተች። ክሪኩ ጋደመ፣ በዲስኳ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እጄ እዚያ ቢሆን ኖሮስ እያልኩ እስካሁን ይዘገንነኛል። ማርሽም ፍሬንም ይዤ እንዴት ሄደች?

ሽማግሌው መካኒክ፦
እንኳን ፈጣሪ አተረፈሽ ልጄ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው የገጠመሽ። ቪትዝን የሚነዷት የፊት ጎማዎቿ ናቸው። ማርሽም የሚይዘው እነሱን ነው። አንዱ የፊት ጎማ ከመሬት ከተነሳ ግን ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻል የተነሳውን ወገን በነፃ ያሽከረክረዋል፣ መሬት ያለው ጎማም ይለቀቃል። ማርሹ ምንም አልያዘልሽም ማለት ነው። የቀረሽ የእጅ ፍሬን ብቻ ነበር፤ እሱ የኋላ ጎማዎችን ይይዛል። ገመዱ ላልቶ ከሆነ አለቀ። እጀታው እስከ ላይ ይሳባል እንዴ?

ለዚህ ነው ታኮ የግድ የሚሆነው። ቁልቁል ከሆነ ትልቅ ድንጋይ ከሁለቱም የኋላ ጎማዎች ፊት አድርጊ። የኋላ ጎማ ስትቀይሪ ታኮው የፊቶቹ ጋ ይሆናል። ከተቻለ ግን መጀመሪያ ሜዳ ፈልጊ። በፈነዳ ጎማ 50 ሜትር ቀስ ብሎ መሄድ ቸርኬ ሊጎዳ ይችላል፤ ቸርኬ ግን ይገዛል።

ጎሚስታ ነኝ፦
ጋሼ የነገሩሽ ትክክል ነው። እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ግማሽ ዙር አላሊ። አንስተሽ ከታገልሽ መኪናዋን ራስሽ ከክሪክ ላይ ትገፊያታለሽ። ሌላው፣ ጎማውን ሳታወልቂ በፊት ስኮርታውን ከበሩ ስር አጋድመሽ አስገቢው። ክሪኩ ቢከዳሽ መኪናዋ እሱ ላይ ታርፋለች። ስኮርታውን ስታወጪ የፈነዳውን በቦታው ተኪ።

ረጅም ርቀት፦
ክሪኩስ የት ገባ? ከፊት ጎማው ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከበሩ ስር ያለው የላሜራ ጠርዝ ላይ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች አሉ። የክሪኩ ራስ በመሃላቸው ነው የሚገባው። አፈር ከሆነ ከስሩ ሰፊ ጣውላ ይደረጋል። ስትጨርሺ ደግሞ መፍቻው ላይ ቆመሽ ርገጪው፣ ዳዶ እንዳይፈታ።

ሽማግሌው መካኒክ፦
ወንድሜ፣ መርገጡን ተወው። ብሎን ይበጥሳል። ለቪትዝ የሚበቃው 103 ኒውተን ሜትር ነው። መፍቻው ሩብ ሜትር ከሆነ ጫፉ ላይ 40 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ዳዶዎቹን በዙር ሳይሆን በማዶ ለማዶ አጥብቂ። ሾጠጥ ያለው ጎናቸው ወደ ቸርኬው ይሁን። የመጨረሻው ማጥበቅ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ነው። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደሽ ድገሚው።

ደግሞ መኪናዋ በዲስክ ስለወደቀች ሳታሳዪ አትንጂ። የፍሬን ዘይት ቱቦው፣ ከዲስኩ ጀርባ ያለችው ስስ ላሜራ፣ ዲስኩ ራሱ ይታይ።

የሸኖ መንገደኛ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁም። ዛሬ ጋራዥ ወሰድኳት። የእጅ ፍሬኑ እጀታ እስከ ላይ ይሳብ ነበር፤ ገመዱ ተስተካከለ። ላሜራዋ ተጣማ ዲስኩን ትፍቀው ነበር፣ አቃኑልኝ። ቱቦው ደህና ነው። ስኮርታዬ ያቺ ቀጭኗ ናት። ላይዋ ላይ 4.2 ባር፣ ከ80 በላይ እንዳትነዳ ይላል። ጎሚስታው ሲለካት 2 ባር አልሞላችም፤ እኔ ከሸኖ አዲስ አበባ ድረስ በእሷ ነው የመጣሁት።