የሳሙና ፋብሪካ ካርቦን ከየት ይቀነስ?

የሜክሲኮዋ
ሰላም ለዚህ ቤት። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ፣ የአንድ ሳሙና አምራች ዋና ቢሮ ነው የምሠራው። አበዳሪያችን «የካርቦን ልቀታችሁን እንዴት ትቀንሳላችሁ?» ብሎ ጠይቆ ወረቀቱ እኔ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። አለቃዬ «ጣሪያው ላይ ሶላር እንደርድርና ፎቶ እንላክ» ይላል። መብራታችን ከሞላ ጎደል የውሃ ኃይል አይደል እንዴ? ሶላሩ ምኑን ይቀንሳል? ፋብሪካ የምታውቁ፣ ከየት ልጀምር?

ቦይለር ቤት ያረጀ
እህቴ፣ ልክ ብለሻል። ጭሱ ያለው ቦይለሩ (ነዳጅ አቃጥሎ ስቲም፣ ማለትም እንፋሎት የሚያፈላው) ጋ ነው። 1 ሊትር ፈርነስ ኦይል ሲቃጠል 3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የነዳጅ ደረሰኙን አውጪና አባዢው።

ከዚያ ቢሮሽን ትተሽ የስቲም መስመሩን በእግርሽ ተከተዪ። ኮንደንሴቱ (ስቲሙ ሙቀቱን ሰጥቶ ወደ ውሃ ሲመለስ ማለት ነው) የት ነው የሚሄደው? እኔ የነበርኩበት ፋብሪካ ለዓመታት ወደ ቦይ ሲፈስ ኖሯል። የተጣራ፣ ኬሚካል የተከፈለበት፣ የሚያቃጥል ውሃ! ጥበቃዎቹ ቀዝቃዛ እየቀላቀሉ ልብስ ያጥቡበት ነበር። ለቦይለሩ ውሃ ወደሚያቀርበው ፊድ ታንክ ቢመለስ ቦይለሩ ከዜሮ ማሞቅ አይጠበቅበትም ነበር። ለጥገና ተፈትቶ ሳይመለስ የቀረ የቧንቧ ልባስም አታጪም፤ ቫልቮቹ ጋ እዪ። ኤሌክትሪክ ቦይለር ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። የሚባክን ስቲም በመብራት ብታፈዪውም ያው ብክነት ነው።

ፒያሳ ልጅ
መብራት ሲጠፋ ሳሙናው ጋኑ ውስጥ ይረጋልና አሮጌውን ቦይለር እንዳትሸጡት 😅

አራት ኪሎ ኬሚስትሪ
የሳሙናው ጭስ ኢምንት ነው። የአገሪቱን የኬሚካል ልቀት የሚወስነው ጎዴ ነው፤ ነሐሴ 2017 ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር የተፈረመው ፋብሪካ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ማዳበሪያ ከተፈጥሮ ጋዝ ሊያመርት ነው። ለዩሪያው የሚያስፈልገውን ሃይድሮጅን ከጋዝ ከማውጣት በሕዳሴ ግድብ መብራት ከውሃ መለየት አይሻልም? ግብፅ እንኳ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አስዋን ላይ በግድብ መብራት ማዳበሪያ ታመርት ነበር።

ቦይለር ቤት ያረጀ
ወንድሜ፣ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ለ3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ከሃይድሮጅንና ከናይትሮጅን የሚሠራ 1.7 ሚሊዮን ቶን ያህል አሞኒያ ያስፈልጋል። በመብራት ሲሠራ ለአንዱ ቶን 10 ሜጋ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ድምሩ 17 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት! ሕዳሴ በዓመት ያመነጫል የተባለው ከ16 ሺህ በታች ነው። ደግሞ ዩሪያ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል፤ ጋዙን ስትተው እሱንም ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ልትለቅም ነው። አስዋን የሠሩት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የማይፈልገውን የናይትሬት ማዳበሪያ ስለነበር ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። በትንሹ፣ በናይትሬት እንጀምር ካልክ አብሬህ ነኝ።

የሜክሲኮዋ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የተበላሸ ስቲም ትራፕ (ኮንደንሴቱን አስወጥቶ ስቲሙን የሚያስቀረው ቫልቭ) ያለ መሣሪያ ይለያል?

ቦይለር ቤት ያረጀ
ረጅም ካቻቢቴ ያዢ። ጫፉን ትራፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮሽ ላይ። ዲስክ ያለው ዓይነት ደህና ከሆነ ቆም እያለ ነው የሚተነፍሰው፤ ሳያቋርጥ ካፏጨ አልቆለታል። ጓንት አትርሺ።