የኮንዶሚኒየም መዋጮ የማይከፍሉትን እንቅጣ ወይስ ሌላ ዘዴ አለ?

ገንዘብ ያዡ
ሰላም ናችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለውሃ ፓምፕ በየወሩ እናዋጣለን። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይከፍል ነበር። አሁን ግማሹ "ነገ" ይላል፣ ሌላው ስልክ አያነሳም።

የሚገርመው ማቆም የጀመሩት የቸገራቸው ሰዎች አይደሉም። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ባለመኪና ነው የጀመረው። እሱ ሲተው ጎረቤቶቹ ተዉ። በመጨረሻ ጡረተኛዋ እማማ እንኳ "እኔ ብቻ ነኝ ሞኟ?" አሉኝ። ሊቀመንበራችን ላዘገየ ሰው 50 ብር ቅጣት እንጣል እያለ ነው። እኔ ልቤ አልተቀበለውም። ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ ካላችሁ፣ ቅጣት ይሠራል?

ሃይፋ ነዋሪ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የእኛን ከተማ ታሪክ ስማ። ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ የሚባሉ ተመራማሪዎች እዚህ እስራኤል፣ ሃይፋ ውስጥ 10 መዋዕለ ሕፃናት ላይ ጥናት ሠርተው በ2000 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ ያረፍዳሉ፤ መምህራኑ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ስለዚህ በ6ቱ መዋዕለ ሕፃናት ከ10 ደቂቃ በላይ ላረፈደ ወላጅ 10 ሼቄል ቅጣት ተጣለ። አርፋጁ ቀነሰ? ጭራሽ በእጥፍ ገደማ ጨመረ! ቅጣቱ ከተነሳ በኋላም ወደ ድሮው አልተመለሰም።

ድሮ ወላጁ መምህሯን እያሰበ ይሳቀቅ ነበር። 10 ሼቄሉ ሲመጣ መሳቀቁ ቀረና ነገሩ ግዢ ሆነ። የእናንተ ባለመኪናም 50 ብሯን ወርውሮ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው።

የዕድር ጸሐፊ
ልጆቼ፣ ይሄን በዕድር ላይ አይቼው አላውቅም። እኛ ቀብር የቀረን እንቀጣለን። የተቀጣ ሰው "ከፍያለሁ፣ ከእንግዲህ አልመጣም" ሲል አልሰማሁም። ያፍራል እንጂ!

የባሌ ደን ባለሙያ
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ሃይፋ ነዋሪም ልክ ነው። ዕድር ላይ ቅጣቱ ብቻውን አይደለም የሚሠራው። ስም ይጠራል፣ ሁሉም ይተያያል፣ ነገ ደግሞ ድንኳኑ የሚተከለው እርስዎ ደጅ ሊሆን ይችላል። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ማን እንደከፈለ የሚያውቀው ገንዘብ ያዡ ብቻ ነው።

እኔ ባሌ ውስጥ ከደን ማኅበራት ጋር ሠርቻለሁ። እዚያ የተጠና ነገር ስላለ ልንገራችሁ። ዴቬሽ ሩስታጊ፣ ስቴፋኒ ኤንግልና ሚካኤል ኮስፌልድ ባሌ ላይ ደን በጋራ ከሚጠብቁ 49 ማኅበራት 679 አባላትን አጫወቱ። ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ጨዋታው ቀላል ነው። ከማን ጋር እንደተጣመሩ የማያውቁ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 6 ብር ይሰጣቸዋል። ለጋራ ያዋጡት ብር በግማሽ አድጎ እኩል ይካፈሉታል። ሁለቱም ሙሉውን ካዋጡ ለየራሳቸው 9 ብር ይደርሳቸዋል። አንዱ ቆጥቦ ሌላው ካዋጣ ግን ቆጣቢው 10 ብር ከ50 ይዞ ይሄዳል፣ የዋሁ 4 ብር ከ50። ከዚያ እያንዳንዱ ይጠየቃል፦ ያኛው ምንም ባያዋጣ ስንት ታዋጣለህ? አንድ ብር ቢያዋጣስ? ሁለትስ?

ከተጫዋቾቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ "እሱ በጨመረ ቁጥር እኔም እጨምራለሁ" የሚሉ ነበሩ። እንግዲህ እማማን እያቸው። ሰነፍ አይደሉም፣ ንፉግም አይደሉም። ሌላው ሲከፍል የሚከፍሉ፣ ሌላው ሲተው የሚተዉ ናቸው። ባለመኪናው አንድ ሰው ነው፤ ብሎኩን ያፈረሰው እሱን አይተው የተዉት ብዛት ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ብሩ አይደለም፣ ዛፉ ነው። ተመራማሪዎቹ ጫካ ገብተው ዛፍ ቆጠሩ። እንደ እማማ ያሉ ሰዎች የበዙበት ማኅበር ደኑ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ደኑን እየዞሩ በመጠበቅም ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜያቸውን ይሰዉ ነበር። ክፍያ የለውም፣ የራሳቸውን ሥራ ትተው ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር፦ ቅጣቱን ለጊዜው ተወው። በየወሩ የከፈሉትን ዝርዝር ደረጃው ላይ ለጥፍ፣ ከሥሩ ብሩ ምን ላይ እንደዋለ ጻፍ። አናቱ ላይ የኮሚቴው አባላት ይሁኑ፣ ሊቀመንበሩ መጀመሪያ። ያልከፈሉትን ግን እንዳትለጥፍ። በ16 ከተሞች ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ተመሳሳይ የመዋጮ ጨዋታ ጥናት አለ፤ እዚያ ግን ተጫዋቾቹ እርስ በርስ መቀጣጣት ይችሉ ነበር። የኦማኗን ሙስካትና የግሪኳን አቴንስ በመሳሰሉ ቦታዎች ብዙ ያዋጡ ሰዎች ራሳቸው ይቀጡ ነበር፣ ቂም በያዙ ሰዎች ሳይሆን አይቀርም። አንተም ደረጃው ላይ ጠላት አታፍራ።

ገንዘብ ያዡ
እማማን ያልካቸው ነገር አሳመነኝ፤ ዛሬ ማታ ለኮሚቴው አነብላቸዋለሁ። ግን ባለመኪናው "ስሜን ሆን ብለህ አስቀረህ፣ አዋረድከኝ" ብሎ ወረዳ ቢከሰኝስ?

የዕድር ጸሐፊ
ከፍሎ ነው የሚከስህ? ይክሰስ! የደረሰኝ ቁጥሩን ግን ከየስሙ ጎን ጻፍ፤ እኛ ዕድር ውስጥ ስንት ጭቅጭቅ የሚነሳው እሱ ሲጎድል ነው።