ስድብ ያልሆነ ቃል ፍለጋ

ጠያቂ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የጥቁር አሜሪካዊቷን ገጣሚ የኦድሪ ሎርድን የወጣትነት ታሪክ ሳነብ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። እ.ኤ.አ. በ1934 ኒውዮርክ ውስጥ ከካሪቢያን ደሴቶች ከመጡ ወላጆች ተወለደች። ሴትን እንደምታፈቅር በተረዳችበት ዘመን፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1953 የፈረሙት ትእዛዝ እንዲህ ያለውን ሰው ከፌዴራል መንግሥት ሥራ ለማባረር በቂ ምክንያት ሆኖ ነበር፤ የአገሪቱ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም ነገሩን እስከ 1973 ድረስ ከሕመም ይቆጥረው ነበር። ሕግና ሐኪም ባንድ አፍ ሲናገሩባት፣ በዚያ ላይ ጥቁር ሆና፣ ራሷን በምን ቃል አወቀች? ይህን ለታናሽ እህቴ ቡና እያፈላሁ ላስረዳት ሞክሬ፣ ከአቦል እስከ በረካ የመጣልኝ የአማርኛ ቃል ሁሉ ወይ ኃጢአት፣ ወይ ወንጀል፣ ወይ ስድብ ሆነብኝ።

የፈትል ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)
እህቴ፣ እኔ ከቃሉ በፊት ደመወዙን አያለሁ። ኦድሪ ከወላጆቿ ቤት ወጥታ በኮነቲከት ግዛት፣ ስታምፎርድ ከተማ በሚገኝ ፋብሪካ ተቀጥራ ነበር። ለሬዲዮና ለራዳር የሚሆን የኳርትዝ ድንጋይ ካርቦን ቴትራክሎራይድ በሚባል ፈሳሽ ታጥብ፣ በኤክስሬይ ማሽንም ትመረምር ነበር፤ ፈሳሹ ጉበትና ኩላሊት እንደሚጎዳ የነገራት አልነበረም። ያን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው ጥቁርና የፖርቶ ሪኮ ሴቶች መሆናቸው እጅግ ያሳዝነኛል። ሆኖም ከገጠር መጥታ ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል የተከራየች ልጅ፣ የመጀመሪያ ደመወዟን ተቀብላ የራሷን ቁልፍ በእጇ ስትይዝ ፊቷ እንዴት እንደሚለወጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ቃል የሚወለደው በር ተዘግቶ ብቻን መቀመጥ ሲቻል ይመስለኛል።

ጡረተኛ መምህር (ደሴ)
ልጄ፣ አስቀድሜ ላስጠንቅቅሽ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣልና የሰፈርሽን ስም ከጽሑፍሽ አውጪው። እኔ በእምነቴ ነገሩን የማልቀበል ሰው ነኝ፤ ይሁን እንጂ ሰው ስለ ራሱ የሚናገርበት ቃል ሊነፈግ ይገባል ብዬ አላምንም። የጠየቅሽው መልስ ከኦድሪ እናት አገር የመጣ ነው። በካሪያኩ ደሴት አብረው ለሚሠሩ፣ ለሚዋደዱና ለሚፋቀሩ ሴቶች «ዛሚ» የሚል ስም አለ፤ እርሷም ሕግ ከሰጣት ስም ይልቅ ይህን መረጠች። በኒውዮርኩ ግሪንዊች ቪሌጅ ሰፈር መሸታ ቤቶች ነጮቹ ጓደኞቿ ሳይጠየቁ ሲገቡ፣ እርሷ በር ላይ መታወቂያ ትጠየቅ ነበርና፣ የነጮቹም ቃል ሙሉ በሙሉ የእርሷ አልነበረም። ጸሐፊ ተውኔቷ ሎሬይን ሃንስቤሪም እ.ኤ.አ. በ1957 ለሴት አፍቃሪ ሴቶች መጽሔት ደብዳቤ ስትልክ በስሟ መነሻ ፊደላት ብቻ ነበር የፈረመችው።

ጠያቂ
አባቴ፣ አመሰግናለሁ፤ የሰፈሬን ስም የማወጣበትን መንገድ የዚህን መድረክ አስተዳዳሪዎች ጠይቄአለሁ። የፋብሪካውንም፣ የ«ዛሚ»ንም ነገር ለእህቴ ነገርኋት። ረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፣ «የወረኢሉዋ አያታችን ከሴት ጎረቤቷ ጋር ሠላሳ ዓመት አንድ ቤት የኖረችውን ሴትዮ በምን ስም ነበር የምትጠራት?» አለችኝ። ለፋሲካ ስንሄድ እንጠይቃታለን።