እርጎዬ አልረጋ አለኝ፤ ወተቱ ውስጥ መድኃኒት ይኖር ይሆን?

የሱሉልታዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ ከገበሬዎች ወተት እየሰበሰብኩ እርጎ እሠራለሁ። ሰሞኑን ግን አልረጋ አለኝ። እርሾው ያው፣ ሙቀቱም ያው። ላክቶሜትሩ ደህና ያሳያል፤ የአልኮል ምርመራውንም ያልፋል። አንዱ «ላሟ መርፌ ተወግታ ይሆናል» አለኝ። በምን ላጣራ? በደንብ ባፈላውስ?

ቢጫ ጄል፦ እህቴ፣ እርሾሽን አትጠርጥሪ። ላክቶሜትር ውሃ የተጨመረበትን፣ አልኮሉ ደግሞ ሊኮመጥጥ የደረሰውን ነው የሚይዘው። አንቲባዮቲክ ሁለቱንም ሸወድ አድርጎ ያልፋል።

የወተት ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ዴልቮቴስት የሚባል አለን። ትንሽዬ ብልቃጥ ነው፤ ውስጡ የባክቴሪያ ዘር ያለበት ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ጄል አለ። ወተቱን ጠብ አድርገሽ 64 ዲግሪ ላይ ሦስት ሰዓት ገደማ ታቆዪዋለሽ። ባክቴሪያው ካደገ አሲድ ያመነጫል፣ ጄሉም ቢጫ ይሆናል። ወይን ጠጅ እንደሆነ ከቀረ ባክቴሪያውን ያፈነው ነገር አለ። እርሾሽንም ያፈነው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ፔኒሲሊንን ጎበዝ ሆኖ ይይዛል። ኮዴክስ፣ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ፣ ለወተት የፈቀደው በኪሎ 4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው ሌላው አንቲባዮቲክ ላይ ግን ያን ያህል አልመካበትም። የትኛው መድኃኒት ስንት እንደሆነ ለማወቅ ትልቁ ማሽን፣ ኤልሲ ኤምኤስ፣ ያስፈልጋል፤ ለአንቺ ግን ቅንጦት ነው።

ማፍላቱን ተይው። ጀርሙን እንጂ ፔኒሲሊኑን አያጠፋልሽም።

የዴልቮቴስት ኪት እስክታገኚ የየገበሬውን ወተት ለየብቻ በብርጭቆ አፍልተሽ አቀዝቅዢ፣ እኩል እርሾ ጨምሪና የትኛው እንደሚዘገይ እዪ። አንዴ በርሜል ውስጥ ከተቀላቀለ ማንን ትጠይቂያለሽ?

የከብት ሐኪም፦ አንድ ልጨምር። ጡቷ ያበጠ ላም ወተት መድኃኒት ባይኖረውም ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል፤ በተፈጥሮው ባክቴሪያ የሚያፍን ነገር አለው። ናሙናውን 80 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ አሙቀው ድገሙት። ደግሞ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፦ አንዱ ጡት ብቻ ቢታከምም የአራቱም ወተት ነው የሚደፋው፣ የመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው፣ ወተቱ የማይሸጥበት የማቆያ ቀን እስኪያልፍ።

የሱሉልታዋ፦ ዶክተር፣ ወተት ከሚያመጡልኝ ገበሬዎች አንዱ ጋ ደውዬ ነበር። የታከመውን ጡት ብቻ ለይቶ እየደፋ ሌላውን ያመጣልኛል! አሁን አልቀበልህም ብለው ለሌላ ይሸጠዋል።

የከብት ሐኪም፦ ለጥጃም አይስጠው። ቀኑ እስኪያልፍ ይድፋው፤ ከዚያ ናሙና ያምጣልሽ።

ቢጫ ጄል፦ ኪቱን የላብራቶሪ ዕቃ አስመጪዎች ጋ ጠይቂ። ፍሪጅ ውስጥ ካላቆዩት አትግዢ።