ቅዳሜ ወደ ቫሊ ፎርጅ የጦር ሰፈር ልንሄድ ነው፣ መታወቂያ ይጠይቃሉ?

የሁለት ልጆች እናት (ዌስት ፊላደልፊያ)

ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። የትልቁ ልጄ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቤተሰቦችን ይዞ ወደ ቫሊ ፎርጅ የጦር ሰፈር ይሄዳል። የድሮ ወታደር ልብስ የለበሱ ሰዎች እሳት አንድደው እያበሰሉ የዚያን ዘመን ኑሮ ያሳያሉ ይላል ወረቀቱ። ልጆቹም ሰልፍ ይማራሉ። ከልጁ ጋር አንድ ወላጅ የግድ መገኘት አለበት። ልጄ ይህን ከሰማ ወዲህ መጥረጊያ ትከሻው ላይ አድርጎ ሳሎን ውስጥ ሲመላለስ ነው የሚውለው።

ጭንቀቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የአሳይለም (የጥገኝነት) ጉዳያችን ገና አልተወሰነም። ወርክ ፐርሚቴም (የሥራ ፈቃዴ) እድሳት ላይ ነው። ባለቤቴ "የጦር ሰፈር" የሚለውን ሲያይ "በገዛ እግራችን ወታደር ደጅ ልንሄድ ነው?" ብሎ ፊቱ ጠቆረ። የፌዴራል መንግሥት መሬት ነው ሲባል ደግሞ ባሰበት። በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል ወይ?

ሁለተኛ፣ እናቴ አብራን ናት። ከጎንደር ገጠር ብዙ ተኩስ ሰምታ ነው የመጣችው። ባለፈው ጁላይ 4 ርችት ሲተኮስ ልጆቹን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባችና በሩን ቆለፈች። ወረቀቱ ላይ የጠመንጃ ተኩስም አለ ይላል። ባለቤቴ ቅዳሜ ሥራ ነው፣ እማዬን ቀኑን ሙሉ ብቻዋን መተው አልችልም። ይዣት ልሂድ ወይስ ይቅርብን?

ሹፌሩ (አፐር ዳርቢ)

እህቴ፣ አይዞሽ። ስሙ ነው የጦር ሰፈር፣ አሁን መናፈሻ ነው። ከ1976 ጀምሮ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆኗል። መታወቂያ የሚያይ ኬላ የለ፣ የመግቢያ ክፍያ የለ። ሰው ውሻውን ይዞ ይሮጥበታል። እኔ ኪንግ ኦፍ ፕሩሺያ ሞል ሰው ካደረስኩ በኋላ እዚያ አቁሜ ነው ምሳዬን የምበላው። ማንም "ማነህ?" ብሎኝ አያውቅም። ወታደር የሚመስሉትም ወታደሮች አይደሉም። ብዙዎቹ ታሪክ የሚወዱ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ጡረተኛም አይጠፋም።

ወረቀት አዋቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድሜ፣ "ማንም አይጠይቅም" ብለህ ሰው አታዘናጋ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ሕጉ እንዲህ ነው። ዕድሜው 18 የሞላ፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው መንግሥት ዘንድ የመመዝገቡን ማስረጃ ሁልጊዜ ይዞ መንቀሳቀስ አለበት። ወርክ ፐርሚት ለዚህ ያገለግላል። ቫሊ ፎርጅ ሄድሽ፣ ጤፍ ልትገዢ ወጣሽ፣ ያው ነው።

ዋናው ጥያቄ እድሳቱን መቼ አስገባሽ የሚለው ነው። ከኦክቶበር 30፣ 2025 በፊት ከሆነ እስከ 540 ቀን የሚደርስ ማራዘሚያ በራሱ ይሰጥ ነበር። የድሮውን ካርድና ደረሰኙን አብረሽ ትይዣለሽ። ከዚያ ወዲህ ላስገባ ግን ያ ማራዘሚያ ቀርቷል። ቀኑን ንገሪንና እንነጋገር።

ከሄድሽ ደግሞ ጆሮሽን ከፍተሽ ስሚ። ነገ ለዜግነት ፈተና ይጠቅምሻል። ከኦክቶበር 20፣ 2025 ጀምሮ ለሚያመለክት ሰው የሚጠናው 128 ጥያቄ ነው። 20 ይጠየቃል፣ 12 የመለሰ ያልፋል። ድሮ የሚጠናው 100 ነበር፣ ከ10 ጥያቄ 6 ይበቃ ነበር። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ የወጣችበት ጦርነት ሁለቱም ውስጥ አለ።

ሹፌሩ

ጌታው፣ እሷ የጠየቀችው ስለ ቅዳሜ ነው። አንተ ዜግነት ሰጠሃት።

ጡረተኛው መምህር (ባልቲሞር)

ባለቤትሽን የሚያረጋጋ ነገር ልንገርሽ ልጄ። ቫሊ ፎርጅ ላይ ውጊያ አልተደረገም። በነጻነት ጦርነቱ እንግሊዞች ፊላደልፊያን ሲይዙ የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር ክረምቱን ሊያሳልፍ የሰፈረበት ቦታ ነው። በፈረንጅ ዲሴምበር 19፣ 1777 ገቡ፣ ጁን 19፣ 1778 ወጡ። 12 ሺህ ያህል ወታደር ነበር። ልብስ የሚያጥቡና በሽተኛ የሚያስታምሙ በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶች ከነልጆቻቸው አብረው ከርመዋል። የግንድ ጎጆዎቹን ወታደሮቹ ራሳቸው ናቸው የሠሩት። ወርዱ 14፣ ርዝመቱ 16 ጫማ በሆነ ጎጆ 12 ሰው ያድራል። ዛሬ የምታዩዋቸው እንደገና የተሠሩ ናቸው። ልጅሽን አስገቢውና 12 ሰው እንዴት እንደሚተኛ ያስላ።

ሰው ሁሉ ብርድ ፈጃቸው ይላል። የፈጃቸው በሽታ ነው። ተስቦ፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ተቅማጥ። ወደ 2 ሺህ ሰው ሞተ። ከእነዚህ ሁለት ሦስተኛው ያህል ያለቀው በማርች፣ በኤፕሪልና በሜይ ነው። ብርዱ እየለቀቀ ሳለ ማለት ነው። ዋሽንግተን ጦሩን ለፈንጣጣ ባያስከትብ ኖሮ ደግሞ ይብስ ነበር።

እኔን የሚያስቀኝ ፎን ስቶይበን ነው። ፕሩሺያዊ ነው። በፌብሩዋሪ 1778 ሌተና ጄኔራል ነበርኩ እያለ መጣ። ሀገሩ ላይ ሻምበል ነበር። እንግሊዝኛ አይችልም፣ ትእዛዙ በአስተርጓሚ ነው የሚያልፈው። ወታደሩ ሲሳሳትበት በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ ይሳደባል። ያ አልበቃ ሲለው ረዳቱን ጠርቶ "በእንግሊዝኛ ስደብልኝ" ይለዋል ይባላል። ግን ጦሩን ሰልፍ ያስያዘው እሱ ነው። ልጅሽ ቅዳሜ የሚማረውም የእሱን ነው።

ሸገር ናፋቂ (ሳውዝ ጀርሲ)

ጋሼ፣ ስቶይበን የኛ ሰው ነው በሉኛ! ሬዙሜው ላይ "ማናጀር" ያላለ ሐበሻ እስቲ እጁን ያውጣ።

እኔ ልጆቼን ወስጃቸው አውቃለሁ። አንዲት ሴትዮ ነጭ ሻሽ አስራ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ፋየር ኬክ የሚሉትን ትጋግራለች። ወታደሩ ስንቅ ሲያልቅበት የሚበላው ነው። ዱቄትና ውሃ ለውሳ ፍሙ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ለጠፍ አደረገችው። ጨው የለው፣ እርሾ የለው። ስታገላብጠው ውጪው ከሰል ሆኗል፣ ስትቆርሰው ውስጡ ገና ሊጥ ነው። ልጆቼ ቤት ገብተን ካልሠራን አሉ። ሠራን። ከዚያ ፒዛ አዘዝን።

እኔ ግን እዚያ ቆሜ የታየኝ የአያቴ በሶ ነው። የኛ ሰው በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ቋንጣውን ይዞ ነው አድዋ የወረደው። በሶ እኮ እሳትም አይፈልግም። በውሃ በጥብጠህ ትጠጣለህ፣ ትሄዳለህ። እግረ መንገዴን ልጠይቅ፣ ፊሊ ውስጥ ደህና በሶ የት ይገኛል? ከሱቅ የገዛሁት ሽታ የለውም።

ሹፌሩ

የሱቁን ተይው። ከሀገር ቤት ሰው ሲመጣ አስልኪ።

የወሎ ልጅ (ሚኒሶታ)

ይቅርታ አድርጉልኝና ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ከጦርነት ሸሽተን መጥተን ልጆቻችንን የእንጨት ጠመንጃ እናሸክም? ሀገር ቤት እውነተኛው እየተተኮሰ ነው። ትናንት የአክስቴ ልጅ ደውሎ መንገድ ተዘግቷል፣ እህል ተወዷል፣ የምትችለውን ላክ አለኝ። ላክሁ። አሁን የወሩን ኪራይ ከየት እንደማመጣ አላውቅም። በዚህ ላይ ሰው ጦርነት ሲጫወት ቆሜ ላጨብጭብ? እህቴ፣ ልጅሽን ቤት አስቀምጪው። እናትሽንም አታስደንግጫት።

ሸገር ናፋቂ

የካቲት 23 ልጅህን ጋሻና ጎፈር አስይዘህ ፎቶውን እዚሁ ለጥፈህ አልነበር?

የወሎ ልጅ

አድዋ ሌላ ነው! ወራሪ የመለስንበት ነው። ይሄኛው ስለ ነጻነት እያወራ ሰው የሚገዛና የሚሸጥ ሠራዊት ነው። ዋሽንግተን ራሱ ባሪያ አሳዳሪ አልነበረም?

ጡረተኛው መምህር

ነበረ እንጂ። ዊልያም ሊ የሚባል ባሪያው ጦርነቱን ሙሉ ከጎኑ አልተለየም። ነጻ የወጣው ዋሽንግተን በ1799 ሲሞት በኑዛዜው ነው። ግን ሌላም ነገር አለ። ጦሩ ቫሊ ፎርጅ ላይ እንዳለ፣ በፌብሩዋሪ 1778፣ ሮድ አይላንድ ውትድርና የገባ ባሪያ ነጻ ይውጣ ብላ ወሰነች። ብዙ ጥቁር ወታደር የተመለመለው በዚያ ነው።

ለዚህ ነው ልጁ ይሂድ የምለው። እዚህ ሀገር ልጆቻችን ጥቁር ናቸው። ቤት ተቀምጠው ስለዚህ ጉዳይ ምን ይሰማሉ? እዚያው ቆሞ ሬንጀሩን (የፓርኩን ሠራተኛ) "ዊልያም ሊ የት ነበር የሚተኛው?" ብሎ ይጠይቅ። ሰውዬው ይመልስ። ደግሞ እኛም ቤት አሽከርና ባሪያ ሳያስከትል የሚዘምት መኳንንት አልነበረም። ስንቅ ተሸክማ አድዋ የደረሰችውን ሴት ስም እስቲ ማን ይንገረኝ?

የወሎ ልጅ

መምህር፣ በዕድሜዎ አከብርዎታለሁ። ግን አድዋን ከዚህ ጋር አያዳብሉት። ማጣጣል ይሆናል።

ጡረተኛው መምህር

ምኑ ነው ያጣጣልኩት? እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የውሃውን ምንጭ አስይዘው ጣልያኑን ከምሽግ አላስወጡትም? ያ እንዲሆን ግን ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ስንቅ የተሸከመች፣ እንጀራ የጋገረች፣ ቁስለኛ ያጠበች ሴት ነበረች። እሷም ትነገር ነው ያልኩት። ቫሊ ፎርጅ ያሉት ሰዎች ቢያንስ አጣቢዋንና ጋጋሪዋን ያሳያሉ። እኛ ጋ በዓሉ ሁሉ ፊታውራሪ ነው።

ነርሷ (ዴላዌር)

ኧረ እባካችሁ፣ ስለ እናቷ አንድ ሰው ይመልስላት። እህቴ፣ የሚተኮሰው ባሩድ ብቻ ነው፣ ጥይት የለውም። ድምፁ ግን ከባድ ነው፣ ጭሱም ይሸታል። ሥራ ቦታዬ እንደ እናትሽ ያሉ ሰዎች አያለሁ። አብዛኞቹን የሚጎዳቸው ድንገት መሆኑ ነው። ጠዋት ደርሰሽ የጎብኚዎች ማዕከል ተኩሱ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቂ። ሰዓቱ ሲደርስ ልጁን ከአስተማሪው ጋር ትተሽ ከእማማ ጋር መኪና ውስጥ ሆናችሁ ራቅ በሉ። ቦታው ሰፊ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ ንገሪያት። ካልፈለገች በግድ አትውሰጃት። የጆሮ መድፈኛ ብቻውን አይበቃም።

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእማዬ ነገርኳት። "በማን ላይ ነው የሚተኩሱት?" አለችኝ። ወደ ባዶ ሜዳ ነው አልኳት። "እና ባሩዱን ለምን ያባክኑታል?" አለች። ቀጥላ "ምን ያበስላሉ?" ስትል ስለ ፋየር ኬኩ አነበብኩላት። ከንፈሯን መጠጠችና "እርሾ የሚሰጣቸው ጎረቤት እንኳ አልነበራቸውም?" አለች። እሄዳለሁም አልሄድም አላለችም። ባለቤቴ ግን ከሹፌሩ ይልቅ ወረቀት አዋቂን ነው ያመነው። አሁንም እንደተኮሳተረ ነው።

ወረቀት አዋቂ

እንግዲያው ቀኑን ንገሪኛ። እድሳቱን መቼ አስገባሽ?

ሹፌሩ

ቅዳሜ ጠዋት በኛ 3 ሰዓት ባልቲሞር አቬኑ ላይ እሆናለሁ። እናትሽ ከመጣች ፊት ወንበር የሷ ነው። ተኩሱ ሲጀምር ሞሉን አዞራታለሁ። ሒሳብ አልቀበልም።

አስተባባሪ

የአድዋው ክርክር ሌላ ርዕስ ስር ይቀጥል እባካችሁ። እዚህ ስለ ቅዳሜው ጉዞ ብቻ።

የወሎ ልጅ

አንድ ቃል ብዬ እወጣለሁ። መምህር "በዓሉ ሁሉ ፊታውራሪ ነው" ላሉት፣ የኛ ከተማ በዓል ላይ ዘንድሮ ከፊት የቆመችው እህቴ ናት፣ እንስራ አዝላ። ፎቶውን ልለጥፍ?

ጡረተኛው መምህር

ለጥፍ እንጂ። እንስራው ውስጥ ውሃ ነበር ወይስ ባዶ?