ሉንድክቪስት ከግብ መስመሩ ሳይርቅ እንዴት ያድን ነበር? ለእጅ ኳስ በረኛስ ይሆናል?

ቀሃ ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ ለሚሠለጥኑ የእጅ ኳስ በረኞች ስለ ስዊድናዊው የበረዶ ሆኪ በረኛ ሄንሪክ ሉንድክቪስት የ20 ደቂቃ ትምህርት እየተዘጋጀ ነው። ልጆቹ በረዶ የሚያውቁት ክረምት ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። የገና ጨዋታን ግን አሳምረው ስለሚያውቁ ከዱላውና ከሩሩ መጀመር ይቻላል። ያልጠሩኝ ነገሮች አሉ። ክለቦች ወጣቶችን ሲመርጡ 205ኛ ሆኖ ተመርጦ እንዴት ታላቅ በረኛ ለመሆን በቃ? የማዳን ምጣኔው 0.918 ነው ሲባልስ ምን ማለት ነው? ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ሌሎች በረኞች ወደ መቺው ወጥተው አንግሉን (ለመቺው የሚታየውን ክፍት ግብ) ሲያጠብቡ እሱ መስመሩ አጠገብ ይቀር ነበር። ለልጆቹ ይህን ማስተማር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አድርጉልኝ።

አንገረብ፦
ከ205 ልጀምር። ኒውዮርክ ሬንጀርስ የተባለው የሆኪ ክለብ የመረጠው በ2000 ድራፍት (ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት)፣ በ7ኛው ዙር ነው። መንትያ ወንድሙ ዮኤል በዚያው ዓመት 68ኛ ሆኖ በዳላስ ተመርጧል። ከሁሉም ቀድሞ 1ኛ የተመረጠውም በረኛ ነበር፤ ስለዚህ «ያን ጊዜ በረኛ አይፈለግም ነበር» የሚለው ማብራሪያ አያስኬድም።

ልጆቹ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ተመረጥኩ ብሎ ወዲያው አሜሪካ አልሄደም። 5 ዓመት እዚያው ጎተንበርግ ለፍሮሉንዳ ተጫውቶ በ2003 እና በ2005 የስዊድን ሻምፒዮን ሆነ። በ2004/05 ኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ) በደመወዝ ክርክር ሙሉ ዓመት ስለተዘጋ ብዙ የሊጉ ተጫዋቾች አውሮፓ መጥተው ነበር። ማለትም በዚያ ዓመት ስዊድን ውስጥ ሆኖ የአሜሪካውን ምት ለመደ። በ2005 ኒውዮርክ ሲደርስ ተጠባባቂ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ቦታውን ወስዶ 30 ጨዋታ አሸነፈ። በመጀመሪያዎቹ 7 የውድድር ዓመታት በእያንዳንዱ 30 እና ከዚያ በላይ ያሸነፈ በረኛ በሊጉ ታሪክ እሱ ብቻ ነው። በመሐሉ፣ በ2006 ቱሪን ኦሊምፒክ፣ ስዊድን ፊንላንድን 3 ለ 2 አሸንፋ ወርቅ ስትወስድ ግቡ ላይ የቆመው እሱ ነበር። የዓመቱ ምርጥ በረኛ የሚሸለመውን ቬዚናን በ2012 አገኘ። የሊጉን ስታንሊ ዋንጫ ግን አላነሣም፤ በ2014 ፍጻሜ በሎስ አንጀለስ ክለብ 4 ጨዋታ ለ 1 ተሸነፉ። ከአራቱ ሽንፈቶች ሦስቱ በጭማሪ ሰዓት የመጡ ስለሆኑ «4 ለ 1» የሚለውን ብቻ ለልጆቹ መንገር እሱን መበደል ነው።

ስለ ምጣኔው፦ ወደ ግብ ከተመቱ 1,000 ኳሶች 918ቱን አዳነ ማለት ነው። ለአንድ ጨዋታ ስታሰሉት 30 ተመትቶ 28 ከዳነ 0.933 ይመጣል። ሌላው ቁጥሩ 2.43 ነው፤ በ60 ደቂቃ በአማካይ የገባበት ግብ ማለት ነው፤ የገባበትን ግብ በ60 አባዝቶ በተጫወተው ደቂቃ በማካፈል ይገኛል። በ65 ደቂቃ 3 ግብ የገባበት በረኛ 2.77 ይሆናል። በረኛው ወጥቶ ተጨማሪ አጥቂ ሲገባ ባዶ ግብ ላይ የሚቆጠረው በሁለቱም አይያዝበትም። ከእጅ ኳስ ጋር ግን አታወዳድሩት። በእጅ ኳስ ከሦስት አንዱን ያዳነ በረኛ ጥሩ ሠርቷል።

ጉዛራ፦
ዋናውን ጥያቄ በቁጥር እንየው። የሆኪ ግብ 1.83 ሜትር ስፋት፣ 1.22 ሜትር ቁመት አለው። ፓኩ (በሆኪ እንደ ኳስ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ) በሰከንድ 40 ሜትር የሚሄድ ምት ከ10 ሜትር ፊት ለፊት ተመታ እንበል። በረኛው ከመስመሩ ግማሽ ሜትር ብቻ ወጥቶ ከቆመ 1.74 ሜትር ስፋት መሸፈን አለበት፤ ጊዜው ወደ 0.24 ሰከንድ ነው። 1.5 ሜትር ከወጣ ስፋቱ ወደ 1.56 ይወርዳል፣ ጊዜው ግን ወደ 0.21 ይቀንሳል። በስፋት 18 ሳንቲ ሜትር አትርፎ በጊዜ ከአሥር አንድ እጅ በላይ ይከስራል። ትልቁ ኪሳራ አጥቂዎች ፓኩን ወደ ጎን ሲቀባበሉ ነው። የወጣ በረኛ ረጅም ቅስት ዞሮ መድረስ አለበት፤ መስመሩ አጠገብ ያለው አንድ ግፊት ይበቃዋል። ሉንድክቪስት የመረጠው ይህን ነው። ዕዳው ደግሞ እጁ ፈጣን መሆን አለበት፤ የዘገየ በረኛ ወደ ኋላ ቀርቶ ከቆመ የላይኛው ማዕዘን ሁለቱም ክፍት ነው።

ለእጅ ኳስ ሒሳቡ ይለወጣል። ግቡ 3 በ2 ሜትር ነው። ከ9 ሜትር በሰከንድ 25 ሜትር ሲወረወር ግማሽ ሜትር የወጣ በረኛ 2.83 ሜትር ስፋትና 0.34 ሰከንድ አለው፤ 1.5 ሜትር የወጣው 2.5 ሜትርና 0.30 ሰከንድ። ሁለት እጅ ተዘርግቶ 2.83 አይደርስም። ስለዚህ ለእጅ ኳስ እስከ 1 ሜትር መውጣት ይሻላል ባይ ነኝ። ከዚያ በላይ ከወጣ በአናቱ ላይ ያሳልፉበታል።

ማራኪ፦
ጉዛራ ባለው ላይ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ልጆቹ የሉንድክቪስትን ቪዲዮ ካዩ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ ባታቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው መውደቅን መኮረጃቸው አይቀርም። እንዳትፈቅዱላቸው! እሱን የሚያስችለው በረዶው ነው፤ ሲወርድ ጉልበቱ ይንሸራተታል፣ የእግር መከላከያውም 28 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስላለው በጎኑ ሲቆም የግቡን ታች እንደ ግድግዳ ይዘጋል። የአዘዞ ሜዳ ደረቅ አፈርና ጠጠር ነው። ጉልበቱ መሬት ይዞት ሰውነቱ ሲቀጥል የውስጥ ጅማቱ ይጠመዘዛል። ለእጅ ኳስ የታች ኳስ እግር በመወርወር ይዳናል፣ እጅም አብሮ ይወርዳል።

ቀሃ ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጉዛራ፣ 1 ሜትሩን ልጆቹ በዓይናቸው እንዲያዩት እንዴት ላሳይ? አንገረብ ደግሞ፣ ለምን እንዳቆመ ይጠይቁኛል።

ጉዛራ፦
12 ሜትር የሚሆን ገመድ ሁለት ያዝ። አንዱን ከግራ ቋሚ፣ ሌላውን ከቀኝ ቋሚ በደረት ቁመት እሰር። ሁለቱን ጫፍ 9 ሜትር ላይ የቆመ ልጅ ኳስ በሚለቅበት እጁ ይያዝ። በረኛው በገመዶቹ መሐል ቆሞ ወደ ፊት ይራመድ፣ በየግማሽ ሜትሩ በኖራ ምልክት አድርግ። እጁን ሲዘረጋ ገመዱና ጣቱ መሐል የቀረውን ክፍተት ለካ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ገመዱን በወርዋሪው ሆድ ትክክል ሲያስይዙ ነው። ቀኝ እጁ ከአካሉ መሐል ግማሽ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በረኛው የሰውየውን ደረት አይቶ ከቆመ አንዱን ጎን ከፍቶ ይሰጣል። በሆኪም ያው ነው፤ ዱላው ፓኩን ከሰውነት አርቆ ስለሚይዝ ሉንድክቪስት የሚያነጣጥረው ፓኩ ላይ እንጂ መቺው ላይ አልነበረም። ገመዱን ከመሐል ወደ ክንፍ ወስደህ ድገመው፤ ክንፍ ላይ ሲደርስ ወደ ቅርቡ ቋሚ ምን ያህል መጠጋት እንዳለበት ሳትነግረው ያየዋል።

አንገረብ፦
በልብ ሕመም ነው። ለሬንጀርስ 887 ጨዋታ ተሰልፎ 459 አሸንፏል፣ በ64ቱ ግብ አልገባበትም። በ2020 ከክለቡ ተለያይቶ ለዋሽንግተን ፈረመ፤ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት በታኅሣሥ ሕመሙ ታወቀ። በጥር 2021 ደረቱ ተከፍቶ የልብ ቫልቩ ተቀየረ፣ በነሐሴ ማቆሙን አስታወቀ። ሬንጀርስ 30 ቁጥር መለያውን በጥር 2022 በሜዳቸው በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሰቀሉት፣ ሌላ ተጫዋች አይለብሰውም። 20 ደቂቃው ከጠበበህ ይህን አሳጥረህ ገመዱ ላይ ቆይ።